በቆዳ የተሰፋው የክፍልፋይ ትምህርት

ተማሪዬን ፊት ለፊት ሳላያት ስድስት ወር ያህል አስተምሬያታለሁ። በእነዚያ ወራት የማውቀው የእጅ ጽሑፏን ብቻ ነበር። የ«ጠ»ን ሦስት እግሮች እኩል አድርጋ ታቆማለች፤ ቁጥር ሰባትን ግን ሁልጊዜ ወደ ግራ ታጋድማለች። ቀለሟ ከሱቅ የተገዛ አልነበረም። ቄስ አጎቷ ከጥላሸት የሚበጠብጡት ነው፤ ሲደርቅ ያብረቀርቃል፣ ውሃ ሲነካው ይሟሟል።

ዘመኑ የደርግ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በተፋፋመበት ጊዜ ደባርቅ ከተማ በማስተባበሪያው ዕቃ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሥራዬ ጠመኔ፣ የፊደል ገበታ፣ ደብተርና ፋኖስ ቆጥሮ መረከብ፣ ቆጥሮ ማስረከብ ነው። እኔም በመደበኛ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። የስድስተኛ ክፍልን ፈተና ያለፍኩት ለብቻዬ አጥንቼ ነው፤ የሰባተኛና የስምንተኛን መጽሐፍ ደግሞ ያኔ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሳጥን ላይ ተቀምጬ እገፋው ነበር። ያልገባኝን የምጠይቀው ሰው ስላልነበረኝ አንዳንድ ገጽ ላይ ሦስት ቀን እከርማለሁ። ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። ወረቀት ላይ ግን እንደ ልቤ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ፣ ከጊች ወዲያ ተራራው ላይ ካለች መንደር የተመለሰ ባዶ የጠመኔ ሳጥን ስከፍት ከሥሩ የሳሙና መጠቅለያ አገኘሁ። ጀርባው ላይ እንዲህ ተጽፏል፦

«ይህን ሳጥን ለሚከፍት ሰው። ማንበብና መጻፍ ጨርሻለሁ። ዘማቹ መምህራችን ወደ አገሩ ተመልሷል። ክፍልፋይ የሚባለውን ሂሳብ የሚያስረዳኝ ካለ በበቅሎ ነጂው እጅ ይላክልኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ክፍልፋይ ለእኔም የገባኝ ገና በዚያው ሰሞን ነበር። አዲስ ጫማ ገዝቶ የሚያይለት እንዳጣ ሰው ሆኜ ነበርና፣ ይህ ወረቀት ለእኔ የተላከ መሰለኝ።

ሳጥኑን ያመጡት በቅሎ ነጂ ሃምሳ ያለፋቸው፣ በየቅዳሜው ገብስ ጭነው ለገበያ የሚወርዱ ቀልደኛ ሰው ናቸው። «አያ» እላቸዋለሁ።

«አያ፣ ይህን የጻፈው ማነው?»

«የባልቴቲቱ ልጅ ናት። ምን ብላ ጻፈች? ባል ፈልጉልኝ ብላ እንዳይሆን!»

«ሂሳብ አስተምሩኝ ነው የምትለው።»

«ወይ ጉድ! እንግዲያ ገብሱን ደብተሩ ያጭድላት!» ብለው ሳቁ። ሲሄዱ ግን የሰጠኋቸውን ወረቀት በኮፍያቸው ውስጥ አጥፈው፣ ኮፍያውን ሁለቴ ወደ ታች ጫን ጫን አድርገው ነው የሄዱት።

እንዲህ ተጀመረ። ከመንደሯ ደባርቅ ድረስ፣ ጎህ ሳይቀድ የተነሳ ሰው ሲመሽ የሚገባበት መንገድ ነው። ስለዚህ ትምህርታችን በሳምንት አንድ ቀን ይመላለሳል። እኔ ሥርዓት አበጀሁለት። እያንዳንዱ ወረቀት ራሱ ላይ ቁጥር አለው። ተቀባዩ መልስ ሲጽፍ መጀመሪያ «ቁጥር ይህን ያህል ደርሶኛል» ይላል፤ ካላለ ወረቀቱ መንገድ ቀርቷል ማለት ነው። የምልከውን ሁሉ ከሥሩ ካርቦን አድርጌ ስለምጽፍ ቅጂው እኔ ዘንድ ይቀራል። ከሐሙስ ጀምሮ ሥራ አይያዝልኝም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የዕቃ ቤቱን በር ከፍቼ የበቅሎ ኮቴ አዳምጣለሁ። አያ ከሩቅ ኮፍያቸውን ካወለቁ መልስ አለ ማለት ነው፤ ያኔ የያዝኩትን የጠመኔ ካርቶን አስቀምጬ ወደ መንገዱ እሮጣለሁ።

በአራተኛው ወረቀቷ መጨረሻ ላይ፣ ከሂሳቡ በታች፣ ምን እንደምትፈልግ ጻፈችልኝ። ገበሬ ማኅበሩ ለጤና ወኪልነት የሚሰለጥን ሰው በሐምሌ ወደ ዳባት ጤና ጣቢያ ሊልክ ነው። የንባብና የሂሳብ ፈተና አለው። «እህቴ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ደባርቅ ሲያወርዷት መንገድ ላይ አረፈች። እኔ ይህን ፈተና ማለፍ አለብኝ። ዘንድሮ ካላለፍኩ ዕድሉ ለሌላ መንደር ይሰጣል።» ከዚህ በላይ አልጨመረችም። እኔም ስለ እህቷ ምን እንደምጽፍ ስላላወቅኩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በአንድ ወረቀት ፋንታ ሁለት ላክሁላት።

ሁለት ጊዜ ስህተት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው በቀይ እርሳስ ነው። አንድ ሁለተኛን ከአንድ ሦስተኛ ጋር ስትደምር የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምራ ሁለት አምስተኛ አለች። እኔም መምህራን እንደሚያደርጉት በቀይ አከበብኩና መለስኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥር ጥያቄ ሠርታ ላከች። አሥሩንም የታቹን ከታቹ ደምራለች! ቁጥሮቹ እንደ ዳዊት መጽሐፍ ተስተካክለው ተጽፈዋል። ከሥሩም «ቀይ ስለሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላውንም እንደዚያው ሠራሁት» ይላል።

እዚያው ቆሜ ደነገጥኩ። ቀይ ሰጠኋት? አያን ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ አጎቷ ቄስ አይደሉም?» አሉኝ፣ የበቅሎውን ጭነት እያላሉ። «ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። በብራና ላይ ቀይ የሚጻፈው የማን ስም ነው?»

የቅዱሳን ስም ነው። የእመቤታችን ስም ነው። ልጅቷ ስህተቷን በቅዱሳን ቀለም ከብቤ የሸለምኳት መስሏታል። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ ጠመኔ ሊረከብ የመጣ ሰው አመመህ ወይ ብሎኛል። ወዲያው ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩላትና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጉን ገለበጥኩት። ቀይ ለትክክለኛው ብቻ ሆነ። በግንቦት ወር የምትልካቸው ወረቀቶች ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ነበሩ።

ሁለተኛው ስህተት ግን ፈተናውን ሊያስቀርብን ነበር።

ሰኔ ገባና ዝናቡ ጀመረ። የአያ ኮፍያ ውሃ ያስገባል። በዚያ ላይ ከከተማው መውጫ ያለው የኬላ ጠባቂ ወረቀቱን ሁሉ በርጥብ እጁ እየዘረጋ «ይሄ ሦስት ስምንተኛ የሚባለው ማነው? የት ነው የሚኖረው?» እያለ ይመረምራል። በዚያ ሰሞን የፈተና መግቢያ ወረቀቷን ወረፋ ይዤ ከቢሮ አወጣሁላት። ትንሽ ወረቀት ናት፤ ክብ ሰማያዊ ማኅተም አለባት። ትምህርት በካርቦን ይገለበጣል፣ ማኅተም ግን በካርቦን አያልፍም። ብትበላሽ ሌላ የለም።

ስለዚህ እጅግ ተጠነቀቅኩ። የለሰለሰ ቀይ የበግ ቆዳ ገዛሁ። መግቢያ ወረቀቷን፣ ከዋናው የክፍልፋይ ትምህርት ጋር በአራት አጠፍኩ። ትምህርቱ አንድን ኪኒን ለሕፃን እንዴት ግማሽና ሩብ አድርጎ መስጠት እንደሚቻል የሚያሳይ ነበር። ቆዳውን በጧፍ ሰም አሸሁት። አራት ማዕዘን አድርጌ፣ ዙሪያውን በሰም በተነከረ ክር፣ ስፌቱን እኩል እኩል አራርቄ ዘጋሁት። አያ በደረታቸው እንዲይዙት የቆዳ ማንጠልጠያ አበጀሁለት። ቁጥሩን የጻፍኩት ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ነው። ከላይ ምንም አልጻፍኩም። በሥራዬ እንዲያ ኮርቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አያ መጥተው «ለእናትዬዋ በእጄ ሰጠሁ» አሉ። «የኬላውም ሰው ያን ዕለት አልነካውም። እንዲያውም ራሱን ዝቅ አድርጎ አሳለፈኝ።»

ይህን ስሰማ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ስፌቴን ያደነቀ መሰለኝ።

መልስ አልመጣም። ሁለተኛው ቅዳሜም ባዶ ሆነ። በሦስተኛው አያ ኮፍያቸውን አወለቁ። ወረቀቱን ቆሜ ገለጥኩት፦

«የላኩልኝ ክታብ ደርሶኛል። ቁጥር ስለሌለው ቁጥሩን አልጻፍኩም። አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ለፈተናው ብለው እንዲህ ስላሰቡልኝ እናቴ በጣም መርቃዎታለች። ትምህርቱ አለቀ ማለት ነው? የፈተና መግቢያውስ መች ይደርሰኛል?»

አንገቷ ላይ ነው! ልጅቷ መግቢያዋንና ዋናውን ትምህርቷን ሦስት ሳምንት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትምህርት እየጠበቀች ነው። ፈተናው ሰኞን ዘሎ በሚመጣው ሰኞ ነው። ጥፋቱም የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። ቀይ ቆዳ፣ አራት ማዕዘን፣ ዙሪያውን የተሰፋ፣ ማንጠልጠያ ያለው። በአገራችን ይህን አይቶ ደብዳቤ ነው የሚል ማን አለ? የታሰረ ክታብ ደግሞ አይከፈትም።

«አያ፣ ክታብ አይደለም እኮ!»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ክፍልፋይ ነው!»

አያ ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ። «እኔማ መንገድ ላይ ጅብ አይቼ ያዝኩት» አሉ። «ሄደልኝ።»

የትምህርቱን የካርቦን ቅጂ እዚያው አጥፌ፣ ትልቅ አድርጌ «ቆዳውን ክፈቺው፤ መግቢያሽ ውስጡ ነው» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ፋኖስ ቆጥሬ ቁጥሩን እረሳለሁ፤ እንደገና እቆጥራለሁ። አያ ግን ቅዳሜን አልጠበቁም፤ ረቡዕ ዕለት ለብቻቸው ወረዱ።

«ቁጥር ሃያ አምስት ደርሶኛል። ጥያቄዎቹን ሠርቻለሁ፣ ከጀርባው አለ። ስለ ቆዳው ለእናቴ ነገርኳት። እንቢ አለች። ከታሰረ ወዲህ ሳሌ ለቆኛል። ክታብ የሚፈታው የጻፈው ሰው ነው፣ ሌላ ሰው ከነካው መዘዝ ያመጣል ትላለች። እናቴን አስቀይሜ ብሄድ ደግሞ አይቀናኝም። ቅዳሜ ሁለታችንም እንወርዳለን። እርስዎ ራስዎ ይፍቱት።»

ጥያቄዎቹን አረምኩ። ሁሉም ቀይ ናቸው።

ቅዳሜ ወስፌዬንና የሰም ክሬን በኪሴ ይዤ ከጠዋት ጀምሮ መንገዱ ላይ ቆምኩ። አልመጡም። አያም አልመጡም። ከላይ የወረደ አንድ እረኛ ወንዙ ሞልቶ ሰው እያሻገረ አይደለም አለኝ። እሑድም ቆምኩ። ጉሙ ተራራውን ከመሃል ቆርጦት እግሩ ብቻ ይታያል። ፈተናው ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያለ መግቢያ የመጣ አይፈተንም፤ ያለ ተማሪ መግቢያ ደግሞ ምን ይሠራል?

ሰኞ ማለዳ የይለፍ ወረቀቴን ይዤ፣ እህል በጫነ ኤንትሬ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ዳባት ሄድኩ። ያሰብኩት ፈታኙን መለመን ነው። ምን ብዬ እንደምለምን በመንገድ ላይ አሥር ጊዜ አጠናሁት። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት አያን ነው። በቅሏቸው እስከ ሆዷ ጭቃ ናት። ከአጠገባቸው ነጠላዋን የተከናነበች ቀጭን ሴትዮና አንዲት ረዥም ልጅ ቆመዋል። በልጅቷ ደረት ላይ ቀዩ ቆዳዬ ተንጠልጥሏል።

«መጣ! መጣ!» አሉ አያ። «ወንዙ ቢሞላብን በታች ዞረን ሁለት ቀን ተጓዝን፤ ትመጣለህ ብዬ በቀጥታ ወደዚህ አመጣኋቸው። በል ቶሎ በል፣ ሊደወል ነው!»

እናትየዋ አየችኝ። ከዚያ ከኋላዬ ማየት ጀመረች።

«መምህሩስ የታሉ?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«አንተ?» ከእግሬ እስከ ራሴ ለካችኝ። «አንተማ ተላላኪያቸው ነህ። ጢም እንኳ የለህ! እኔ የምፈልገው የጻፉትን ሰውዬ ነው።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ሂድ ወዲያ! ይህን ስፌት የሰፋ እጅ ስንት ዓመት የደገመ እጅ ነው።»

እንዲህ የተመሰገንኩበት ቀን የለም፤ በእንዲህ ያለ ምስጋናም የተጎዳሁበት ቀን የለም። በሩ ላይ የተሰቀለው ብረት አንድ ጊዜ ተመታ። ሌሎቹ ተፈታኞች መግቢያቸውን እያሳዩ መግባት ጀመሩ። አያ «እምላለሁ፣ እሱ ነው!» እያሉ ጮኹ፤ ሴትዮዋ ግን «አንተንማ ማን ያምናል፣ አንተ ቀልደኛ» አለቻቸው።

ልጅቷ ዝምተኛ መሆኗን ከጽሑፏ ጠርጥሬ ነበር፤ እንደ እኔ ናት። ለካ እሷም ሽማግሌ ጠብቃ ኖሯል፤ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ነበር። አሁን ቀና አለች።

«እማ፣ ቆይ። አንድ ነገር ልጠይቀው።» ወደ እኔ ዞረች። «መጀመሪያ ቀይ የሰጡኝ በየትኛው ሂሳብ ነው?»

«ሁለት አምስተኛ» አልኩ። «አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምረሽ ሁለት አምስተኛ አልሽ። እኔ ስህተት ነው ብዬ ከበብኩት፣ አንቺ ሽልማት መሰለሽ። ከዚያ አሥሩንም እንደዚያው ሠራሻቸው።»

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እሱ ነው፣ እማ። እሳቸው ናቸው።»

ብረቱ ሁለተኛ ተመታ። እናትየዋ ማንጠልጠያውን ከልጇ አንገት አወለቀችና፣ ተሳልማ፣ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ወስፌዬን አወጣሁ። በጥድፊያ የመጀመሪያውን ስፌት ሁለት ጊዜ ሳትኩት። ያን ያህል አጥብቄ መስፋቴን በዚያች ሰዓት ረገምኩ። ስድስተኛው ስፌት ላይ ቆዳው ተከፈተ። ወረቀቷ ደረቅ ናት! ሰማያዊው ማኅተም ዙሪያው ሳይፈስ፣ ልክ ከቢሮ የወጣ ዕለት እንደነበረው ተቀምጧል። ልጅቷ ነጥቃኝ ሮጠች።

«ቆይ! መልሰህ ስፋላት!» አለች እናቷ። «ባዶ አንገቷን ልትገባ ነው?»

«እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይህ የሂሳብ ትምህርት ነው። ጽሑፍ ይዞ ፈተና መግባት አይፈቀድም። ቢያገኙባት ያባርሯታል።»

«ሂሳብ መሆኑን ነግራኛለች።»

«ክታብ አለመሆኑን ያውቃሉ ማለት ነው?»

«ደብተራው የሚጽፈውስ መች ገብቶኝ ያውቃል?» አለችኝ። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «እንግዲያ እኔ ልሰረው። እኔ አልፈተን።»

በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ትምህርቱን መልሼ ውስጡ አድርጌ ሰፋሁት፤ እሷም አንገቷ ላይ አሰረችው። ሦስታችን እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቆየን። አያ በቅሏቸውን አጠቡ። እኔ ግማሽና ሩቡን በልቤ እያሰላሁ በአጥሩ ዙሪያ ስንት ጊዜ እንደዞርኩ አላስታውስም። ልጅቷ ስትወጣ ገና ከበሩ ሳትደርስ «የኪኒኑ መጣ! ሩቡ መጣ!» እያለች ነበር።

ተፈታኞቹ ጥቂት ስለነበሩ ውጤቱ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ተለጠፈ። ስሟ አራተኛው መስመር ላይ ነበር። አንዴ አነበብኩት፣ ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይሆን የአባት ስሟን በጣቴ ይዤ አረጋገጥኩ። እናትየዋ እልልታዋን ለቀቀችው፤ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች በመስኮት ብቅ ብቅ አሉ።

«አየህ፣ ሠራ!» አለችኝ፣ ቆዳውን ይዛ።

«በእናትየዋ አንገት ታስሮ ለልጅየዋ ሠራ?» አሉ አያ። «ይሄማ ክታብ አይደለም፣ ስልክ ነው!»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዳባት በመኪና ሹፌር እጅ የመጀመሪያው ደብዳቤዋ ደረሰኝ። ሰባቱ ዛሬም ወደ ግራ ተጋድሟል።

«ቁጥር ሃያ ሰባት። በደህና ነኝ፣ ትምህርቱ ከባድ ነው፣ ደስ ይላል። የሰውነት ክፍሎችን ስም የያዘ መጽሐፍ ቢገኝ ይላኩልኝ። እናቴ ቆዳውን አልመልስም ብላለች። ምጥ ለያዛት ጎረቤት ሁሉ እያዋሰች ነው አሉ። ‹መጀመሪያ እኔን ጥሩ፣ ከዚያ እሰሩ› ብዬ ጽፌላታለሁ። አጎቴ ያነቡላታል።»

ቀይ እርሳሴን አወጣሁና «መጀመሪያ እኔን ጥሩ» ካለችው ሥር አሰመርኩበት። ከዚያ አዲስ ወረቀት ቆርጬ፣ ካርቦኑን ከሥሩ አድርጌ፣ ራሱ ላይ «ሃያ ስምንት» ብዬ ጻፍኩ።